ለአሮጌ ላፕቶፕ፦ ክራክ ዊንዶውስ 10 ወይስ ሊኑክስ ሚንት?

ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ገዝቶ «ምን ላስጭንበት?» ለሚል መልሱ ሊኑክስ ሚንት ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው፤ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነቱ። በፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ዊንዶውሱን አይልቀቅ፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።

ዋጋውን እናስላ። የዊንዶውስ 11 ሆም ፈቃድ በማይክሮሶፍት ዋጋ 139 ዶላር ነው። የላፕቶፑ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ግን ተከፍሎም በይፋ አይደገፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ክራኩ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚጫነው ዊንዶውስ፣ ነጻ ይመስላል፤ እሱን ለማስነሳት ግን አንቲቫይረሱ ይዘጋል፣ ኬኤምኤስፒኮ (ዊንዶውስን ክራክ የሚያደርግ ፕሮግራም) ተብለው ከሚወርዱት መካከልም የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ተገኝተዋል። ከዚያ ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ክፍያ። ሚንት የሚያስወጣው የ3 ጊጋባይት ገደማ ዳታና ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ፍላሹ ላይ ነው። በርካሽ የሚሸጠው «64 ጊጋ» ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። የሚዋሸው ራሱ ቺፑ ስለሆነ ኮምፒውተሩም 64 ብሎ ያነባል፤ ከትክክለኛው መጠን ያለፈው ፋይል ይበላሻል፣ ጥፋቱም በሊኑክስ ይሳበባል። ኤፍ3 የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል።

ከመጫንዎ በፊት ሚንትን ከፍላሹ አስነስተው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን ይሞክሩ። የዋይፋዩ ቺፕ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ከሆነ ላይታይ ይችላል፦ ሚንትን ከጫኑ በኋላ ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ኢንተርኔት ያጋሩት፣ ሚንት ውስጥ ያለውን ድራይቨር ማናጀር ከፍተው የብሮድኮሙን ይምረጡ፣ ሪስታርት ያድርጉ። ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ያልተፈረመ ድራይቨር የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ካልጠፋ ድራይቨሩ ተጭኖም ላይነሳ ይችላል። ፕሪንተር ላይ ካኖን ኤልቢፒ 2900 ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ በሊኑክስ ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። ኤችፒ በአብዛኛው ያለ ጣጣ ያትማል።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ከነተጨማሪው ኤም17ኤን ጭነው «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ አጻጻፍ ይምረጡ፤ በላቲን ፊደል እንደሚሰማ እየተጻፈ ወደ ግዕዝ ይቀየራል። በኒያላ ፎንት የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት ፎንቱ ስለሚተካ ገጹ ይንሸራተታል፤ ለማተሚያ ቤት የሚላከው ፒዲኤፍ ይሁን።

ሲጭኑ ዲስኩን አጥፍቶ የሚጭነውን አማራጭ ከመንካትዎ በፊት ፎቶና ሰነድዎን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ «ዲ» ላይ ያለው ይቀራል ብለው አይተማመኑ፣ አብሮ ይጠፋል።