ተጠባባቂ ኳርተርባክ፦ ለድራፍት ምርጫ መሸጥ ወይስ ማቆየት?

ማርችና ኦገስት በመጡ ቁጥር የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ደጋፊዎች ያንኑ ጥያቄ ያነሳሉ፤ ተጠባባቂው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ የሚወረውረው የማጥቃት መሪ፣ ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ላይ ከሚቀመጥ ለምን በድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ ደካማው ቀድሞ አዳዲስ ተጫዋቾችን በዙር የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫ አይለወጥም? የቀረበው ዋጋ ከሁለተኛ ዙር በታች ከሆነ አይለወጥ።

ዋጋን በዙር ስም መቁጠር ያታልላል። በታወቀው የአሰልጣኝ ጂሚ ጆንሰን የነጥብ ሰንጠረዥ 33ኛው ምርጫ 580፣ 64ኛው 270 ነጥብ ነው፤ ሁለቱም ግን «ሁለተኛ ዙር» ይባላሉ። 100ኛው ላይ ሲደርሱ የሚቀረው 100 ነጥብ ብቻ ነው። ከመስማማት በፊት ምርጫው የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይታይ፤ የደካማው ቡድን ከሻምፒዮኑ እጥፍ በላይ ያወጣል።

መሸጥ ያዋጣበት ጊዜ አለ። ፓትሪየትስ በ2017 ጂሚ ጋሮፖሎን ለፎርቲናይነርስ ሰጥቶ የ2018 ሁለተኛ ዙር ምርጫ ወሰደ፤ 43ኛው ሆነ። የተጫዋቹ ውል ሊያልቅ ወራት ቀርተውት ነበር። በነፃ ቢለቅ ቡድኑ የሚያገኘው ቢበዛ የ2019 ሦስተኛ ዙር መጨረሻ ላይ የሚሰጥ የማካካሻ ምርጫ ነው፤ እሱም ተመጣጣኝ ነፃ ተጫዋች ካስፈረመ ይሰረዛል።

ፋልከንስም በ2007 ማት ሾብን ለቴክሳንስ ሲሰጥ ዋጋው ጥሩ ነበር፦ ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች፣ በተጨማሪም በመጀመሪያው ዙር ከ10ኛ ወደ 8ኛ ከፍ ማለት። ጁላይ ላይ ግን ዋናው ኳርተርባክ ማይክል ቪክ ውሻ በማዋጋት ተከሰሰ። ቡድኑ ሁለቱንም አጥቶ ዓመቱን በ4 ድልና በ12 ሽንፈት ጨረሰ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ኢግልስ ተጠባባቂውን ኒክ ፎልስን በ2017 ያስፈረመው ለሁለት ዓመት በ11 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዲሴምበር 10 የዋናው ኳርተርባክ የካርሰን ዌንትዝ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ፎልስ ፓትሪየትስን 41 ለ33 አሸንፎ የሱፐር ቦውሉ (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ኮከብ ተባለ። በ2019 በነፃ ወደ ጃክሰንቪል ሲሄድ ደግሞ ለኢግልስ በ2020 የሦስተኛ ዙር ማካካሻ ደረሰው። ማቆየትም ምርጫ ያስገኛል ማለት ነው።

ፎርቲናይነርስ በ2022 ጋሮፖሎን ሊሸጠው ፈልጎ ደሞዙን ቀንሶ አስቀረው፤ በሁለተኛው ሳምንት የዋናው ኳርተርባክ የትሬይ ላንስ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ። ዲሴምበር ላይ ጋሮፖሎ ራሱ እግሩ ተሰብሮ ተራው 262ኛ ሆኖ ለተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ደረሰ። በጃንዋሪ 2023 ፊላደልፊያ ላይ የፐርዲ ክርን ተጎዳ፣ ተከታዩ ጆሽ ጆንሰንም ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። ፐርዲ ኳስ መወርወር ሳይችል ተመለሰ፤ ኢግልስ 31 ለ7 አሸነፈ።

ገዢውም ይጠንቀቅ። ካርዲናልስ በ2011 ለኬቨን ኮልብ አንድ ተከላካይና የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ፤ ኮልብ በኢግልስ ከመጀመሪያው የተሰለፈው በ7 ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2013 ተሰናበተ። ሲገዛ የሚታየው ውርወራ የሻጩ ቡድን አጥቂ መስመርና ተቀባዮች ያገዙት ውርወራ ነው።

ቅድመ ሁኔታ ያለበት ምርጫ ከቀረበ ቁጥሩ በደንብ ይነበብ። ቤርስ በ2024 ጀስቲን ፊልድስን ለስቲለርስ የሰጠው በስድስተኛ ዙር ነው፤ ከቡድኑ የማጥቃት እንቅስቃሴዎች 51 በመቶውን ቢጫወት አራተኛ ዙር ይሆን ነበር። ስድስት ጨዋታ ጀምሮ ቦታውን ለቀቀ፣ ምርጫውም ስድስተኛ እንደሆነ ቀረ።

ከመፈረም በፊት ውሉን መክፈት ነው። ደሞዙ ወደ ገዢው ይዞራል፤ በሒሳብ ገና ያልተቆጠረው የፊርማ ቦነስ ግን በሻጩ የደሞዝ ጣሪያ (ሊጉ ለቡድን በዓመት የሚፈቅደው የደሞዝ ወጪ ወሰን) ላይ ይወድቃል፣ ከጁን 1 በፊት ከሆነ ሁሉም በአንድ ዓመት። የዝውውሩ በር ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ባለው ማክሰኞ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ዋናው ቢጎዳ የሚገኘው የቡድኑን አጨዋወት የማያውቅ፣ ያለ ውል ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው።