ሐዋሳ ላይ ፍሪቢኤስዲ ለምትጠቀሙ፦ ኪቦርድ ሲያስቸግራችሁ ወደዚህች ባለሙያ ሂዱ

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ማሽን ይዞ ጥገና ቤት መግባት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫንበት» ይባላል፤ ካልሆነም «ኪቦርዱ አብቅቶለታል፣ አዲስ ይገዛ»። ሁለቱንም ሳትል ጥፋቱን ከሥሩ ያወጣችልንን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባን ነው የምንጽፈው። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትሠራለች።

ማሽኑ የቢሮ ፋይል ሰርቨር ነው። የዩኤስቢ ኪቦርዱ እየተጻፈበት ፊደል ይዘላል፣ አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንድ ጨርሶ መሥራት ያቆማል፣ ቆይተው ሲነኩት ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል ይውጣታል። ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው የሎደር (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ምርጫ ላይ አንድም ቁልፍ አይሠራም። ያው ኪቦርድ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ይጽፋል። ሰው ሁሉ ከዚህ ተነስቶ «ጥፋቱ የሲስተሙ ነው» ይላል። እሷ ግን ቁልፍ ሳትነካ በፊት የጠየቀችው ኪቦርዱ በሁለቱ ማሽኖች ላይ የተሰካው በምን በኩል እንደሆነ ነው። ዊንዶውሱ ላይ በቀጥታ ከኋላ ፖርት፤ ሰርቨሩ ላይ ግን በኤክስቴንሽን ገመድና የራሱ አዳፕተር በሌለው ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ መሰኪያ) በኩል፣ ያውም ሃብን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጋር ተጋርቶ። ሲስተሙም ገመዱም አብረው ከተቀየሩ ፈተናው የቱንም አያረጋግጥም። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ለእኛ ከጥገናው በላይ ዋጋ አላት።

ከዚያ ምልክቶቹን አንድ ላይ ሳትጨፈልቅ ለየብቻ ያዘቻቸው። የሎደሩ ነገር ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። እዚያ ደረጃ ላይ ኪቦርዱን የሚያነበው ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ነው፤ ዩኬቢዲ የተባለው የፍሪቢኤስዲ የኪቦርድ ድራይቨር የሚረከበው ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሎደር ላይ የማይሠራ፣ ሎግኢን ላይ ግን የሚሠራ ኪቦርድ ካጋጠማችሁ ድራይቨር ፍለጋ አትድከሙ፤ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት የሚለውን አብሩት። የእኛም ጠፍቶ ነበር የተገኘው። በተቃራኒው፣ ሎደር ላይ ደህና ሠርቶ ከርነሉ ሲረከብ የሚጠፋ ከሆነ ዓይናችሁን ወደ ድራይቨሩ አዙሩ።

የሚቆራረጠውን ለማየት በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት መግቢያ) ከሌላ ማሽን ገባች፤ በታመመ ኪቦርድ የታመመውን ኪቦርድ መመርመር አይቻልምና። ሜሴጅስ የተባለውን፣ ሲስተሙ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል በቴይል ትእዛዝ ክፍት አድርጋ ኪቦርዱ ላይ መጻፍ፣ ገመዱን ቀስ ብሎ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ሥራ ማስያዝ። ዲስኩ መሽከርከር በጀመረ ቁጥር ዩኬቢዲ ዜሮ (ኪቦርዱ ማለት ነው) «ዲታችድ»፣ ማለትም ተነቀለ፣ የሚል መስመር ይወጣል፣ ተከትሎም እንደገና መገናኘቱን የሚናገር። ይህ የፊደል ችግር አይደለም፤ ኪቦርዱ በየጊዜው ከማሽኑ እየተነቀለ እንደገና የሚሰካ ያህል ነው።

ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ ያንኑ ተካፍሎ ለእያንዳንዱ መሰኪያ በመስፈርቱ መሠረት 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው የሚያደርሰው። ዲስክ ሲነሳ ከዚህ በብዙ ይጠጣል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽን ሲጨመርበት ይብሳል፤ አብዛኛው ተራ ኪቦርድ የሚሠራበት የ1.5 ሜጋቢት ፍጥነት ደግሞ ገመዱ ከ3 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይፈልጋል። እሷ መልቲሜትሯን ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ላይ አድርጋ ጭነት ባለበት ለካች። ያለ ጭነት 5 ቮልት ማየት ምንም አይነግርም፤ ዲስኩ እየዞረ ከ4.4 በታች ከወረደ ግን ኪቦርድ የመሥራት ግዴታ የለበትም። መፍትሔው ኪቦርዱን ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለው የኋላ ፖርት ማዛወር፣ ለዲስኩ ደግሞ አዳፕተር ያለው ሃብ።

የመጀመሪያዋን ፊደል መዋጡ ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ። እዚህ ላይ ዩኤስቢኮንፊግ የተባለውን ትእዛዝ ተጠቀመች (የሊኑክሱን ኤልኤስዩኤስቢ የለመዳችሁ፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ይኸኛው ነው አብሮ የሚመጣው)። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ፍጥነቱን፣ የኃይል ሁኔታውንና በሚሊአምፔር የሚጠይቀውን ያሳያል። ልብ በሉ፣ ያ አሃዝ መሣሪያው ስለራሱ ያስመዘገበው ነው እንጂ የተለካ ፍጆታ አይደለም። የእኛ ኪቦርድ መስመር ላይ «ሴቭ» ይል ነበር፤ ሥራ ሲፈታ ይተኛል፣ የመጀመሪያው ቁልፍ መቀስቀሻ ሆኖ ይቀራል። በዚያው ትእዛዝ «ፓወር ኦን» ስታደርገው ፊደል መዋጡ ቆመ። ማሽኑ ሲጠፋ ቅንብሩ ስለሚጠፋ ሲነሳ በሚሠራው አርሲ ሎካል ፋይል ውስጥ አስገባችው።

ለእኛ ያላስፈለገን፣ ለሌላው ግን የሚጠቅም አንድ ነገርም አስረድታናለች። የጌም ኪቦርዶች አንዳንዴ ስለቁልፎቻቸው ለሲስተሙ የሚሰጡት መግለጫ የተዛባ ይሆናል፤ ያኔ ኮንትሮል እንደ ሌላ ቁልፍ ይነበባል። ፍሪቢኤስዲ ለዚህ ኩዊርክ የሚባል ማስተካከያ አለው፤ ኪቢዲ ቡትፕሮቶ የሚለው ኪቦርዱን ወደ ቀላሉ ባለ 8 ባይት አሠራር ይመልሰዋል። በአንድ ጊዜ የሚነበቡት ቁልፎች ከሺፍትና ከመሰሎቹ ውጪ 6 ብቻ ይሆናሉ፣ ለጽሑፍ ሥራ በቂ ነው። የአምራቹና የምርቱ መለያ ቁጥሮች ግን ከራሳችሁ ኪቦርድ መነበብ አለባቸው፤ የሌላ ሰው ቅንብር ገልብጣችሁ አትለጥፉ።

ሎጉ ንጹሕ ሆኖ አንዲት ፊደል ብቻ የምትደጋገም ከሆነ ግን ነገሩ ሻይ ወይም አቧራ ነው፤ ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ማጽዳት።

ወደ እሷ ስትሄዱ ኪቦርዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሃቡን፣ ኤክስቴንሽኑን፣ አብሮ የሚሰካውን ሁሉ ውሰዱ፤ ከተቻለም ችግሩ የሚታየው ሎደር ላይ፣ ጥቁሩ ኮንሶል (ጽሑፍ ብቻ ያለበት ስክሪን) ላይ ወይስ ዴስክቶፑ ላይ ብቻ እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። አማርኛ ስትጽፉ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የፊደል ማስገቢያው እንጂ ኪቦርዱ ላይሆን ይችላል። የማዘርቦርድ ብየዳ አትሠራም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ትጠቁማለች እንጂ አትሞክርባችሁም። የጠየቀችን የምርመራ ዋጋ ብቻ ነው፣ የለወጠችውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጥታናለች።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ስሟንና ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቅዳልናለች፤ እንልካለን።