ድሬ ላይ ጠበቃ ለምትፈልጉ

ሰላም ድሬዎች። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ አብሮ አደጌ 120,000 ብር አበደርኩ። ከዚራ ቡና እየጠጣን ነው የቆጠርኩለት። ወረቀት የለም፤ ሦስት ሰዎች ግን አይተዋል። ቀኑ ሲደርስ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሽማግሌ ብልክ ዛሬ ነገ እያለ አሰለቻቸው። መጀመሪያ የያዝኩት ጠበቃ «ሦስት ምስክር ካለህማ አለቀ» ብሎ ቀብድ ተቀበለና ስድስት ወር አመላለሰኝ። ክሱን እንኳ አላስገባም። ስሙ ይቅር።

ከዚያ ሰው ወደ እሷ ላከኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሳያት ቅር አለኝ። ልጄን ታክላለች። ፈቃድ ካወጣች ገና ዓመቷ ነበር። ቢሮዋ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሚንቋቋ ቬንትሌተር ነው። ታሪኬን እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጣ ቁጥር 2472 ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አቦ፣ ሠላሳ ምስክር ብታመጣም አይጠቅምህም።»

ለካ ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ሕጉ የ1952 ነው፤ ያኔ 500 ብር ብር ነበር! «ሰውየው ከካደ የሚቀረን መሐላ ነው። ልትሸነፍ ትችላለህ፤ አስበህበት ተመለስ» ብላ ሳታስከፍለኝ ሸኘችኝ። የተመለስኩት ለዚህች ንግግሯ ነው።

ክሱን አስገባች። የተከሳሽ መልስ መጣ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ እኔን መሳደብ። ደሜ ፈላ። እሷ ዝም ብላ አነበበችና ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር በእስክሪብቶ አሰመረች። «ገንዘቡን በእጁ መልሼለታለሁ» ይላል።

«በቃ፣ መበደሩን አመነልን። መክፈሉን አሁን እሱ ያስረዳ» አለች። ደረሰኝ ከየት ይምጣ?

ችሎት እስክንጠራ ኮሪደር ላይ ብዙ አውርተናል። ሐረማያ አምስት ዓመት ሕግ ተምራ አንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆነች። ከዚያ አንድ አንጋፋ ጠበቃ ዘንድ ገባች። ዓመት ሙሉ መዝገብ መሸከም፣ ግልባጭ ማውጣት፣ ቀጠሮ መከታተል ብቻ። ችሎት ፊት አፏን አልከፈተችም። ማታ ማታ ግን ያለቁ መዝገቦችን እያወጣች የተሸነፈው ወገን የቱ ጋ እንደተሳሳተ ትፈልግ ነበር። ያቺን መስመር ያገኘችው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስትቆም «ክቡር ፍርድ ቤት» ካለች በኋላ ቀጣዩ ጠፋባት አሉ። ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ተፈረደልኝ። ብሩ ሁሉ አልገባም፤ ግማሹን ተቀብያለሁ፣ ቀሪው አፈጻጸም ላይ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ስሟን እንዳልጽፍም ለምናኛለች፤ ሙያው ማስታወቂያ ላይ ጥብቅ ነው አሉ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን እልካለሁ። ጠዋት ችሎት ስለምትውል ከሰዓት ደውሉላት። ወረቀት ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይጠቅም የሚመስላችሁንም።