የዓይን ጠብታ ለሚፈሩ ወላጆች፣ ይቺን ሲስተር ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው አንዲት የዓይን ክፍል ነርስ ለማመስገን ነው። የምትሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ስሟን እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ “ሲስተር” እያልኩ እቀጥላለሁ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁና “ዓይናችሁን ታዩ” ሲባሉ እሺ የማይሉ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ግፊትም አለባት። ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባያመውም በየዓመቱ ዓይኑን መታየት አለበት። ስኳር በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አያምም፣ እይታም አይቀንስም። ሰው ሲታወቀው ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን እናቴን ማን ያሳምናት?

ምክንያት አላት። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወስደናት ነበር። ቦታውን አልጠቅስም። አንድ ባለሙያ ምንም ሳይነግራት ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ ጠብታ አደረገባትና “ውጪ ጠብቂ” አላት። ዓይኗን አቃጠላት። ጉሮሮዋን መረራት። ትንሽ ቆይቶ ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ደበዘዘባት። ከግቢው ስንወጣ ፀሐዩን መቋቋም አቅቷት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። “ዓይኔን አጠፉት” ብላ ነው ያለቀሰችው። እስኪመሽ ድረስ መዳፏን ወደ ፊቷ እያስጠጋች ጣቶቿን ታይ ነበር። በማግስቱ ደህና ሆነች። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ የዓይን ሐኪም ነገር ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች።

በስንት ልመና፣ በእህቴም በንስሐ አባቷም ተለምና፣ በዚህ ዓመት እሺ አለች። ሲስተርን ያገኘናት ያኔ ነው።

ሲስተር ጠብታውን ከማንሳቷ በፊት ወንበር ስባ እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። “እማማ፣ ከዚህ በፊት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎልዎት ያውቃል?” አለቻት። እናቴ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ግን አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ “ሳይነግሩዎት ከሆነማ መደንገጥዎ እውነትዎን ነው” አለቻት። እናቴ ስትለዝብ አየኋት። ለካ ሴትየዋ የምትፈልገው ይህንን ነበር። የደረሰባትን የሚያምናት ሰው።

ከዚያ አስረዳቻት። ብሌን ማለት ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ብርሃን ሲበረታ ይጠባል። ሐኪሙ ሬቲናን ለማየት መብራት ማብራት አለበት፣ መብራት ሲበራ ደግሞ ብሌን ይብስ ይጠባል። “ጠብታ ሳናደርግ ማየት በበር ቀዳዳ አጮልቆ ቤቱን ሙሉ ለማየት እንደ መሞከር ነው፤ መሐሉ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ግን ያመልጠናል” አለቻት።

ለምን ጉሮሮዋን እንደመረራትም ነገረቻት። ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚረጥበው በሱ በኩል ነው። ጠብታውም በዚያው ይወርድና ጉሮሮ ይደርሳል። እናቴ ለዓመታት “መርዝ ነገር ሰጡኝ” እያለች ስታወራ የነበረው ነገር በአንድ ደቂቃ ተፈታ።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። ከዚህ በፊት ግላኮማ (ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) አለብዎት ተብለው ያውቃሉ? ልብዎን ያምዎታል? የሚቆጣዎት መድኃኒት አለ? አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? መድኃኒቶቹን በፌስታል ይዘን ስለሄድን አንድ በአንድ አውጥታ አየቻቸው። የእይታ መለኪያውን ፊደል ሁለቱንም ዓይኖቿን በየተራ እያስከደነች አስነበበቻት፤ ከጠብታው በኋላ እይታ ስለሚደበዝዝ ልኬቱ ቀድሞ ነው መያዝ ያለበት። የዓይን ግፊቷ ተለካ። ጤነኛ ከሚባለው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ውስጥ ነበር። ከዚያ በትንሽ ባትሪ ከጆሮ ግንዷ በኩል ወደ አፍንጫዋ አቅጣጫ አብርታ አየች። ምን እያየች እንደሆነ ጠየቅኳት። የዓይን ፊተኛ ክፍል በተፈጥሮው ጠባብ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ ብሌኑ ሲሰፋ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ሊዘጋና ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ከደረሰ ግን ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል አስቀድሞ ይታያል።

አሁን ደግሞ በተለይ የማመሰግናት ነገር። በካርዱ ላይ የታዘዙት ሁለት ዓይነት ጠብታዎች ነበሩ፣ ትሮፒካማይድ እና ፌኒሌፍሪን። ትሮፒካማይድ ብሌንን የሚያጠብበውን ጡንቻ ለጊዜው ያላላዋል። ቅርብ ለማየት የሚረዳውንም ጡንቻ አብሮ ስለሚያላላው ነው ጽሑፍ የሚደበዝዘው። ፌኒሌፍሪን ደግሞ ብሌንን የሚከፍተውን ጡንቻ ይስበዋል። ችግሩ ይኸኛው የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ በተለይ 10 በመቶ የሆነው። ሲስተር የእናቴን ደም ግፊት ስትለካ ከፍ ብሏል። “ታዟል” ብላ ማድረግ ትችል ነበር። እሷ ግን ካርዱን ይዛ ወደ ዶክተሩ ተመልሳ ገባች። ስትመጣ ፌኒሌፍሪኑ ተሰርዟል። “በትሮፒካማይድ ብቻ እንሞክራለን፣ ትንሽ ልንቆይ እንችላለን” አለችን። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይጠይቃት ያደረገችው ነው።

ጠብታውን ስታደርግም ቆሜ አይቻታለሁ። እጇን ታጠበች። በብልቃጡ ላይ የተጻፈውንና የተከፈተበትን ቀን አነበበች። “እማማ፣ ወደ ላይ ይመልከቱልኝ” ብላ የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ሳበች። በተከፈተችው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍትም ሆነ ዓይን አልነካም። “አሁን ይጨፍኑ፣ አያሹት” አለችና የእናቴን ጣት ይዛ በአፍንጫና በዓይን መጋጠሚያ ላይ አስጫነቻት። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየች። ይህ ጠብታው ወደ ጉሮሮና ወደ ደም የሚሄደውን ይቀንሰዋል። እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ “አልመረረኝም” አለች።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠበቅን። የእናቴ ብሌን ቶሎ አልሰፋም። ሲስተር አልገረማትም። የዓይን ቀለሙ ጥቁር በሆነ ሰው ላይ ቀለሙ መድኃኒቱን ይዞ ስለሚያቆየው ይዘገያል። ስኳር የቆየበት ሰው ብሌንም በባሕርዩ ይደክማል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ደገመቻትና እንደገና አስጫነቻት።

በዚህ መሐል አንድ ልጅ መጣ። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። መነጽር ሊታዘዝለት ስለሆነ ሳይክሎፔንቶሌት የሚባለው ነው የታዘዘለት። ልጆች ዓይናቸውን አጥብቀው የማተኮር ጉልበት ስላላቸው ያ ካልላላ ትክክለኛው ቁጥር አይገኝም። ልጁ ገና ብልቃጡን ሲያይ ጮኸ። ሲስተር አልታገለችውም። እናቱ ጭን ላይ በጀርባው አስተኛችውና “ጨፍን፣ እኔ እስክቆጥር እንዳትገልጥ” አለችው። ጠብታውን የተጨፈነው ዓይኑ ጥግ ላይ፣ አፍንጫው ጋ አስቀመጠችው። አምስት ስትል ገለጠ። መድኃኒቱ ራሱ ገባ። ልጁ ማልቀስ ሊጀምር አስቦ የሚያለቅስበት ነገር አጣ። ለእናቱም ብሌኑ እስከ ነገ ድረስ ሰፍቶ ሊቆይ እንደሚችል፣ ፊቱ ቢቀላ ወይም ቢያተኩሰው ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ቢቅበጠበጥ ወዲያው እንድትመጣ ነገረቻት።

የእናቴ ተራ ደረሰ። ዶክተሩ መብራት ግንባራቸው ላይ አስረው በእጃቸው ሌንስ ይዘው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያስባሏት አዩ። በግራ ዓይኗ ሬቲና ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ተገኙ። ገና ጅምር ነው፣ አሁን ሌዘር አያስፈልጋትም አሉን። ስኳሯንና ግፊቷን አጥብቃ እንድትቆጣጠርና ቀጠሮዋን እንዳታሳልፍ ነገሯት። ጠብታው ባይደረግ እነዚያ ነጠብጣቦች ሳይታዩ ሊያልፉ ይችሉ ነበር። እናቴ ደግሞ ያለ ሲስተር ጠብታውን አትቀበልም ነበር። ለኔ ነገሩ ይኸው ነው።

ልንወጣ ስንል ሲስተር ጠራችን። መኪና እንዳትነዳ፣ ደረጃ ስትወርድ ሰው እንዲይዛት፣ እስኪለቃት እሳትና ቢላ እንዳትነካ ነገረቻት። ደብዛዛነቱ ለ4 እስከ 8 ሰዓታት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ነገ ሊቆይ እንደሚችል አስታወቀቻት። ያን ጊዜ እንዲህ ብላ ጠየቀች።

“እማማ፣ ዛሬ ማታ ኢንሱሊኑን ማነው የሚሞላልዎት?”

እናቴ ኢንሱሊኗን ራሷ ናት የምትወጋው። ሲሪንጁ ላይ ያሉት መስመሮች ቀጫጭን ናቸው። በዚያ ቀን ዓይኗ እነሱን መለየት አይችልም። በስህተት አብዝታ ብትወጋ ስኳሯ ወርዶ ሌሊት ላይ ራሷን ልትስት ትችላለች። ከእኛ መሐል ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። የትም ወረቀት ላይ ተጽፎ አይቼም አላውቅም። ሲስተር ግን ማታ እናቴ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ቀድማ አስባዋለች። እህቴን ጠርታ መጠኑን አስነገረቻትና “የዛሬውን አንቺ ሙዪላቸው” አለቻት።

በመጨረሻም ቁራጭ ወረቀት ላይ የአደጋ ምልክቶቹን ጻፈችልን፦ ከባድ የዓይን ሕመም፣ መቅላት፣ በአምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ማየት፣ ማስመለስ ያለበት ራስ ምታት። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅም። የክፍሉን ስልክም አከለችበት።

አንድ ነገር አደራ ብላኛለችና ላስተላልፈው። ብሌን የሚያሰፉ ጠብታዎች በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ ናቸው። ክዳናቸው ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ቤት የቀረ ብልቃጥ ካለ ለሚያሳክከው ወይም ለቀላ ዓይን አይደረግም፣ ለጎረቤትም አይዋስም። በተለይ አትሮፒን የሚባለው ብሌንን ሳምንት አልፎም አስፍቶ ሊያቆይ ይችላል። የሚገርመው አትሮፒን በአጥራችን ሥር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥም አለ። ቅጠሉን ነቅሎ ዓይኑን ያሸ ሰው አንድ ብሌኑ ሰፍቶበት ሊደነግጥ ይችላል። ዓይን ላይ አትጭመቁት፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት ተጠንቀቁ።

ወላጆቻችሁን ለመውሰድ የምታስቡ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ መነጽራቸውን፣ የፀሐይ መነጽር ወይም ጥላም አትርሱ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ካለ ከጠብታው በፊት ያውጣው። ራሳችሁ አትንዱ፣ ወይ ሌላ ሰው ይንዳ ወይ ራይድ ያዙ። ሌላ ቦታ የምትሄዱ ከሆነም ጠብታው ከመደረጉ በፊት ስሙን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ግፊት ላለበት ሰው የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። መብታችሁ ነው፣ ጥሩ ባለሙያ ደግሞ ቢጠየቅ አይከፋውም።

የሆስፒታሉን ስምና ሲስተር የምትገባበትን ቀን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። የክፍሉ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ያቺ በእጇ የጻፈችልን ቁራጭ ወረቀት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ታትማ ለታካሚው ሁሉ ብትሰጥ ትልቅ ነገር ነው።

ሲስተር፣ እናቴ “እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ” በልልኝ ብላለች። ለቀጠሮዋም ነጠላዋን አጥባ አስቀምጣለች።