የ2020 ማክቡክ ኤር፦ ኢንቴሏ ወይስ ኤም 1?

«የ2020 ማክቡክ ኤር በርካሽ አገኘሁ፣ ኮር አይ ፋይቭ ናት፣ ልውሰዳት?» ጓደኞቼ ስለዚህች የአፕል ላፕቶፕ ይህን መጠየቅ አይሰለቻቸውም። ኮር አይ ፋይቭ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። መልሴ ያው ነው፦ ተዋትና ኤም 1 ፈልግ።

ግራ የሚያጋባው አፕል በዚያው በፈረንጆች 2020 ሁለት ኤር ማውጣቱ ነው። መጀመሪያ ባለ ኢንቴሏ መጣች። ኅዳር ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ በነደፈው ኤም 1 ቺፕ የምትሠራው ተከተለች። መልካቸው አንድ ነው፤ መነሻ ዋጋቸውም አንድ፣ 999 ዶላር። ለመለየት «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ክፈቱ። «ፕሮሰሰር» ካለ ኢንቴል፣ «ቺፕ» ካለ ኤም 1 ናት። ከላፕቶፗ ሆድ ሥር የተጻፈው የሞዴል ቁጥር A2179 ከሆነ ኢንቴል፣ A2337 ከሆነ ኤም 1።

ዛሬ ኢንቴሏ ትረክሳለች። ሰው የሚሸወደውም በዚህች ቅናሽ ነው። አንድ ጓደኛዬ ገዛት፤ ባትሪዋ ደከመ። «ኦርጅናል ነው» ተብሎ ኮፒ ተገጠመለት። ባትሪው አብጦ ትራክፓዱን ከሥር ገፋው። የባትሪ፣ የትራክፓድ፣ የእጅ ዋጋ ሲደመር ቅናሹ በላይዋ ላይ አለቀ። ሲጀመርም አፕል ለኢንቴሏ 11፣ ለኤም 1 ደግሞ 15 ሰዓት ኢንተርኔት መጠቀም በአንድ ቻርጅ ነው ቃል የገባው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የኢንቴሏን ሙቀት ተዉት፤ ፋን አላት፣ ግን ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አያቀዘቅዘውም። ኤም 1 ጭራሽ ፋን የላትም፤ አያስፈልጋትምም።

የሚብሰው ሌላ ነው። በ2025 የወጣው ታሆ የተባለው የማክ ሲስተም ኢንቴሏን ኤር አይቀበልም፤ ከሱ በፊት በነበረው ሴኮያ ላይ ቆማለች። ኤም 1 ግን ትቀበለዋለች።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህን ያዙ፦ ዋልማርት በ2024 ያልተከፈተች ኤም 1 ኤር በ699 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ላገለገለች ከዚያ በላይ የሚጠራ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ንገሩት።

ኤም 1ም ጣጣ አላት። ስቶሬጇ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ከተበላሸ ማሽኗ አትነሳም። ስክሪኗ ስስ ነው፤ ካሜራ ላይ የሚለጠፈውን ክዳን ሳታነሱ ከዘጋችኋት ሊሰነጠቅ ይችላል። «ራም እጨምርልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ፤ በሁለቱም አይጨመርም። ብር ሳትከፍሉ ውስጧ ያለውን ሁሉ አስደምስሳችሁ እንደ አዲስ አስነሷትና ዋይፋይ አገናኙ። የድርጅት ስም ይዞ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ማሽኗ የሌላ ናት። «ሶፍትዌር ነው፣ ይስተካከላል» ቢሏችሁ አትስሙ።

ኢንቴሏ የምትበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ ዊንዶውስ በቡት ካምፕ፣ ማለትም በአፕል የዊንዶውስ መጫኛ፣ ትጭናለች፣ ኤም 1 አትጭንም። በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ በፒችትሪ፣ የሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች ይህን ያነሱብኛል። ለፒችትሪ ብሎ ግን ማክ መግዛት ምን የሚሉት ነው? በዚያው ብር ደህና ዴል ወይም ሌኖቮ ይገኛል።