ባለ ሹል ጫፍ የሹራብ መርፌ፦ ለግራው ቅነሳ ብዬ የገዛሁት

በእጅ ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁለት ሰያፍ ቅነሳዎችን፣ ማለትም መርፌው ላይ ያሉትን የክር ቀለበቶች ቁጥር መቀነሻ መንገዶችን፣ ማወቅ አለበት። አንዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሁለት ቀለበት አንድ ላይ አንስቶ መሥራት ነው፣ በቃ። ወደ ግራ የሚያጋድለው ግን ነገረኛ ነው። ሁለቱን ቀለበቶች ተራ በተራ እያዞራችሁ ወደ ቀኙ መርፌ ታሻግራላችሁ። ከዚያ የግራውን መርፌ ከፊታቸው አስገብታችሁ፣ በጀርባቸው በኩል አንድ ላይ ትሠሯቸዋላችሁ። በዚህ ሁሉ ጉተታ ቀለበቱ ይለጠጣል። ቪ አንገት ሹራብ ላይ የቀኙ መስመር ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ የግራው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቻዎጉ የሚባለውን፣ ሁለቱ መርፌዎች በቀይ ገመድ የተያያዙበትን የብረት መርፌ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ያስመጣሁት ለዚሁ ለግራው ብዬ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከነገመዱ 80 ሴንቲሜትር ነው። የድሮው የቀርከሃ መርፌዬ ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ሁለት ቀለበት ውስጥ በግድ ሲገባ ክሩን ያላላዋል። ይሄኛው ሾልኮ ይገባል። ለእህቴ ልጅ የጀመርኩት ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ አንገት ላይ ልዩነቱ በደንብ ታየ። ከጠርዙ 2 ቀለበት ገባ ብዬ ነው የምቀንሰው፤ በኋላ ከጠርዙ ላይ ቀለበት አንስቶ አንገትጌውን ለመሥራት ይመቻል። ሹራቡን ከፊት ስታዩት በቀኝ በኩል ያለው ቅነሳ ወደ ቀኝ፣ በግራ ያለው ወደ ግራ ካጋደለ መስመሩ አንገቱን ተከትሎ ይወጣል። ከተቀያየረባችሁ ጠርዙ ጎርበጥ ይላል። አንዳንዶች ሆን ብለው ለጌጥ ያደርጉታል፤ እኔ ግን አልወደውም።

መርፌው ብቻውን ተአምር አይሠራም። የመጀመሪያውን ቀለበት ከግራ ወደ ቀኝ ገብታችሁ አዙራችሁ አሻግሩት። ሁለተኛውን ግን ከቀኝ ወደ ግራ ገብታችሁ፣ ሳታዞሩ እንዳለ አሻግሩት። አብረው ሲሠሩ ሁለተኛው ተጠምዞ ከመጀመሪያው ሥር ጋደም ይላል። መጋዙ የሚጠፋው ያኔ ነው። ይህን በቀርከሃውም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፣ ግን ያታግላል።

ገመዱ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ናይለን ነው። እንደ ርካሾቹ አይጠቀለልም፤ ለእኔ ከጫፉ ቀጥሎ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ሹልነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመርፌውን ጫፍ በሌባ ጣት የመግፋት ልማድ ያለው ሰው ጣቱ ይቆስላል፤ የእኔ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ላላ ተብሎ የተፈተለ ክር ላይ ደግሞ ክሩን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ዋጋውም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አንገትና ክንድ ያለው ነገር ለምትሠሩ ግዙት እላለሁ። ቀጥ ያለ ሻርፕ ብቻ ለምትሠሩ፣ በተለይ ለጀማሪዎች፣ ቀርከሃው ይሻላችኋል። ብረቱ ስለሚያንሸራትት ቀለበት ቶሎ ያመልጣችኋል።