አሜሪካ ቤት ላላችሁ የድሬ ልጆች ጥቆማ፣ ለአንዲት የታክስ ባለሙያም ምስጋና

አቦ እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች! ዛሬ አንዲት ልጅ ማመስገን አለብኝ። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ አላወጣም፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ። የኛው ልጅ ናት፣ ቨርጂንያ ነው ያለችው፣ ስራዋ የታክስ ሂሳብ ነው።

አሌክሳንድሪያ (የግብጹን ሳይሆን ዲሲ አጠገብ ያለውን) የነበረኝን ኮንዶ ሸጥኩት፣ እኔ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ቁጭ ብዬ፣ ያለ ኤጀንት (ደላላ)፣ ወንድሜን ወኪሌ አድርጌ። ዋጋው 280,000 ዶላር። ኤጀንት ብይዝና 3% ቢወስድ 8,400 ዶላር ይሄድ ነበር፣ እሱ ቀረልኝ። ግን ገዢው የራሱ ኤጀንት ነበረውና ሰውየው ከኔ 2.5% ጠየቀ፣ እኔማ ልስማማ ነበር! እሷ ናት ቆይ ያለችኝ፣ ከ2024 ኦገስት ወዲህ እኮ ገዢ ቤት ከማየቱ በፊት ከኤጀንቱ ጋር በጽሁፍ ይዋዋላል፣ አንተ የመክፈል ግዴታ የለብህም ተደራደር አለችኝ (በእድሜ ብዙ እበልጣታለሁ ግን ያው የድሬ ልጅ አይደለች፣ አንተ ነው የምትለው)። ተደራድረን ግማሹን ብቻ ቻልኩ።

ትልቁ ነገር ግን ፊርፕታ የሚሉት ነው። እኔ ግሪን ካርዴን መልሼ ነው ድሬ የገባሁት፣ ስለዚህ ለነሱ የውጭ ሰው ነኝ። የውጭ ሰው ቤት ሲሸጥ ገዢው 15% ቆርጦ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ታክስ መስሪያ ቤት) ይልካል፣ ያውም ከትርፉ እንዳይመስላችሁ ከጠቅላላ ዋጋው፣ በኔ ቤት 42,000 ዶላር ማለት ነው! ከታክሱ የሚተርፈው ይመለሳል ግን ታክስ ፋይል አድርገህ ጠብቀህ ነው። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ገዢው ሊኖርበት ነው የሚገዛው ወይስ ሊያከራየው የሚለውን ነው። ዋጋው ከ300,000 ካላለፈና ገዢው ራሱ ወይ ቤተሰቡ የሚኖርበት ከሆነ 15%ቱ አይቆረጥም፣ እኖርበታለሁ ብሎ ይፈርማል በቃ። ፈረመ።

ታክሱ ግን ቀረ ማለት አይደለም፣ እሱን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ካለፉት 5 አመታት 2ቱን የኖረበት ሰው እስከ 250,000 ትርፍ ድረስ አይከፍልም፣ እኔ አከራይቼው ስለቆየሁ ይሄ አይመለከተኝም፣ እንደውም ሲከራይ በየአመቱ የተቀነሰው ዲፕሪሲየሽን (ለቤቱ እርጅና ተብሎ ከገቢው ላይ የሚቀነሰው) ሲሸጥ ተመልሶ እስከ 25% ታክስ ይጣልበታል። ለዛ ነው ኪችኑን ያሳደስክበትን ደረሰኝ አምጣ እያለች ያስጨነቀችኝ፣ እሱ ትርፉን ያሳንሰዋል።

ሌላው ጥቃቅን ነው፣ ግን ተደምሮ ያማል። የቨርጂንያ የሻጭ ታክስ ከሺህ 1 ዶላር ስለሆነ 280፣ ሰሜን ቨርጂንያ ላይ ደግሞ ለትራንስፖርት ብለው የሚጨምሩት አለ፣ የኮንዶ ማህበሩ ለገዢ የሚሰጠው የሰነድ ጥራዝ፣ ዲዱን (ቤቱ ወደ ገዢ የሚዛወርበትን ሰነድ) ለሚያዘጋጅ ጠበቃ፣ የባንክ እዳ እስከ ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበት) ቀን ከነወለዱ። የውክልናውን ወረቀት አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ነው ያስፈረምኩት፣ በማህተም 50 ዶላር፣ የአውሮፕላኑን ትኬት አታንሱብኝ።

ክሎዚንግ ሊደርስ ሲል የሂሳቡን ወረቀት ላኩልኝ፣ እኔ ጠቅላላውን አይቼ ልፈርም ስል እሷ መስመር በመስመር አነበበችው፣ የገዢው የታይትል ኢንሹራንስ (የቤቱ ባለቤትነት ላይ ችግር ቢመጣ የሚሸፍነው) በኔ በኩል ተጽፎ አገኘች። ደውላ አስነሳችው። ደግሞ ገንዘቡ የሚገባበትን አካውንት ቁጥር በኢሜል ብቻ እንዳትልክ፣ በምታውቀው ስልክ ደውለህ አረጋግጥ አለችኝ፣ በውሸት ኢሜል ስንቱ ተበልቷል እዛ።

ክፍያዋን ስራ ሳትጀምር ነው የምትነግራችሁ፣ ቁርጥ ነው፣ ከሽያጩ ፐርሰንት አትጠይቅም። ማታ ማታ ደውሉላት፣ እዛ ቀን ስለሚሆን። ብቻ ከገዢ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ይሁን፣ እና ያላችሁን ደረሰኝ በሙሉ ይዛችሁ፣ አለበለዚያ ትቆጣለች። አቦ ይመችሽ እህቴ!